ቆዳ ሁን

ሐምሌ ነው፤ ቦርከና ደፍርሶ ይወርዳል፣
መብራት ሄዷል ደግሞ፤ ሻማዬ ይነዳል።
ከድልድዩ በታች፣ ከሸምበቆው ኩሬ፣
የእንቁራሪት ዕንቁላል በጆግ ቀዳሁ ዛሬ፤
እንደ ራሰ ተልባ ዝልግልግ ዘለላ፣
ግማሽ ጎኑ ወተት፣ ግማሽ ጎኑ ጥላ።

የስልኬን ብርሃን ከማይክሮስኮፑ ሥር ደግፌ
አየሁት ሲከፈል፣ እንቅልፌን አራግፌ፤
አንዱ ሁለት ሆኖ፣ ሁለቱ አራት፣ ስምንት፣
ዐሥራ ሁለት ዙር ሙሉ፣ ያለ ምንም ዕረፍት።
ገና የራሱ ጂን አንድ ቃል አልተናገረም፤
ከናቱ ስንቅ በቀር የበላው ነገር የለም።
ስንቁም ጽሑፍ ነው፤ ተነብቦ ሲያልቅ ነው
የራሱ ጂን ነቅቶ ድምፁ የሚሰማው።

ያን ጊዜ ጎረቤት ጎረቤቱን ይጣራል፣
አፍ የለው፣ ጆሮ የለው፣ በፕሮቲን ያወራል።
አንድ ትእዛዝ አለ ሰፈሩን ያዳረሰ፣
በጥቁሩ ወገን ከሴል ሴል የፈሰሰ፦
«ቆዳ ሁን።»
«ቆዳ ሁን።»

ይህን ቃል አውቀዋለሁ፤ ኮምቦልቻ ነው ያደግሁት፣
የቆዳ ፋብሪካውን ሽታ ከአባቴ ኮት ነው የለየሁት።
አባቴ ይመር አበጋዝ፣ ጣቱን ኖራ የበላው፣
ሠላሳ ዓመት ከበግ ቆዳ ፀጉር ሲፍቅ ያደረው።
ሰፈሩ ሲያየኝ የሚለው አንድ ነው፦
«የይመር ልጅ ምን ገዷት? ፋብሪካው ቤቷ ነው።»
አለቃው እንኳ በሩ ላይ «አምጣት፣ ስሟን ልጻፍ» አለው።

አባቴ ዝም።
ራት ላይም ዝም። ኮቱን ሰቅሎ ዝም።
እኔም ያን ዝምታ እንደ ቅያሜ ቆጠርኩት፣
«ይህን ሁኚ» ስላላለኝ ለዓመታት ታዘብኩት።

አሁን በሳህኑ፣ በጀርባው በኩል፣ ከንፈር ትከፈታለች፣
ሴል እየዋጠች ወደ ውስጥ ትታጠፋለች።
«አንጎል ሁን» አትልም። እንዲህ ያለ ቃል የላትም።
የምትልከው ያን ትእዛዝ መንገድ ላይ ጠብቆ
ከሴሉ ደጅ ሳይደርስ የሚያስቀር ነው፣ አንቆ።
«ቆዳ ሁን» ያልተባለ ሴል
ማንም ሳያዘው
ነርቭ ይሆናል።

የፋብሪካው በር ትዝ አለኝ፤ የአለቃው እስክሪብቶ፣
የአባቴ ዝምታ ከመዝገቡ ፊት፣ በር ዘግቶ።

በሁለተኛው ሌሊት ጀርባው ላይ ቦይ ታየ፣
ጠርዙ ከጠርዙ ሊገጥም።
ልደውልለት ነበር፤ ስልኬ ባትሪ ጨርሷል።
ብደውልም ያው ነው፦
«አለሽ?» ይላል፣
ከዚያ ዝም።