ጸደቀ

የመስታወት ፋብሪካው በሩን ከዘጋ ወዲያ
ቬርና፣ ቶሌዶ ላይ፣ ከማሞቂያው ጉያ፣
የልጇን የኮሌጅ ቅጽ ትሞላለች በእርሳስ፤
«የቤተሰብ ገቢ» ከሚል ሣጥን ስትደርስ
እጇ ይቆማል።
ዜሮ ባዶ ናት፤
ልትጽፋት ግን ከበዳት።

ዋሽንግተን፣ ስለ ድጎማው፣ ረቂቅ አለ አሉ።
ረቂቅስ ረቂቅ ነው፦ አይታይ ጥላው፣ አካሉ፤
ስድስት ወር ሙሉ
አይዳሰስ፣ አይጎረስ፣ ለመብራት ዕዳ አይከፈል።

ዴክስተር ከምድር ቤት ደረጃውን ሲዘል፣
«እማ፣ ጸደቀ!» አላት፣ ስልኩን ከፍ አድርጎ።

እሷ በመስኮቱ አየች፦
በጥቅምት የተከለቻት የቼሪ ችግኝ
በረዶ እስከ አንገቷ፣ እንደ ጣት ቀጥና።
«መጽደቁንማ» አለች፣
«ሚያዝያ ላይ እናያለን።»

እርሳሱን አስቀመጠች።
ዜሮዋን በስክሪፕቶ ጻፈቻት።