ወጋገን በእርጎ ኩባያ

ከሰሜን የመጣው ነፋስ ገመድ በጥሶ፣
ኬምቺን አጨለማት ምሰሶ አፍርሶ።
ከባሕሩ ማዶ ያሉት ደሴቶች ሁሉ
አንድ ባንድ እፍ ተብለው ከዐይን ተከለሉ።

ካስትሮ ሆስፒታል ዐይኑን የቀደዱት
ማክሰኞ ነበረ፤ አባቴን ሲያስወጡት
አንዲት ብልቃጥ ጠብታ፣ አንድ ምክር ነበረ፦
«ብርቱ ብርሃን አይየው፤ ገና አልጠነከረ።»

እኩለ ሌሊት ላይ የጠብታው ጊዜ ደርሷል፤
ባትሪው ሲበራ ግን ጨለማን ይበሳል፤
ባሕር ላይ ወንድሜ፣ በሳልሞኑ በረት
ሌባ የሚያድንበት፣ የሚያሳውርበት።
«አትዩ!» አለ አባቴ። ያንን ቃል ደገመ፤
ለእኔ ይሁን ለራሱ፣ ፊቱን አዙሮ ተጋደመ።

አርባ ዓመት ሲበይድ የጀልባውን ሆድ፣
የምድጃውን እግር፣ የመልሕቁን ክንድ፣
የእሳት ብናኝ ሲዘል፣ ሲብለጨለጭ ሁሉ፣
እኛ የምናውቀው አንዲት ነበር ቃሉ፦
«አትዩ!»
ጀርባ ሰጥተን ቆመን፣ ግድግዳው ላይ
ጥላችን ሲዘል፣ ሰማያዊው ሲበርቅ ስናይ፣ ስናይ
አደግን።
እሱ ግን ያይ ነበር፣ በተሰነጠቀ መስተዋት፤
ይኸው ዐይኑ ውስጥ ደመና አረበበት።

ወደ ጓዳ ገባሁ፤ መሳቢያ ጎተትሁ፤
ይሁንም አይሁንም፣ ያገኘሁትን ሞከርሁ።
ሶፍት፣ አንድ ንብርብር፦ አሁንም ይዋጋል።
ሶፍት፣ አራት ንብርብር፦ በዚህስ ማን ያያል?
ካልሲ አጠለቅሁለት፤ ተረከዙ ቀዳዳ
ኖሮበት፣ አሾልኮ ወጋኝ ያለ ዕዳ።
ፌስታል ጠመጠምሁ፤ ተንኮሻኮሸና
«አይጥ ገባ?» አለ አባቴ። ፈታሁት እንደገና።

የዳቦ ወረቀት፣ ምጣድ የሚለብሰው፣
ዶኛ ኦርፌሊናን ተበድሬ ያልመለስሁት ነው፤
ቆርጬ በአፉ ላይ አጣበቅሁ በፕላስተር፤
ጠርዙ ለሰለሰ፤ መሐሉ ግን ያው ጦር።

የእርጎ ኩባያ፣ የጠዋት፣ ያልታጠበ፣
ደፋሁበት በላዩ፤
ያኔ ነው የረገበ።
ነጩ ፕላስቲክ ውስጥ ያ ጦር ተበተነ፤
የሚወጋው ነገር ወጋገን ሆነ።

ሱቅ የሚሸጡልን ይበልጥ የሚያበራ፣
ሳጥኑ ላይ ቁጥር፣ ቁጥሩም በኩራት የተሠራ፤
«ትንሽ ነው የማበራ» የሚል ሳጥን የለም፤
ለታመመ ዐይን ማንም አልሠራለትም።
የኔው ተደምሮ መቶ ፔሶ አይሞላ፤
ግማሹም የጎረቤት፣ ሌላው የተበላ።

በፀጉሬ ማስያዣ ላስቲክ አሰርሁትና
ይዤው ገባሁ፤ እንጆሪ እንጆሪ ይሸታል ገና።
ጥላችን ጠርዙን ጣለ፤ ግድግዳው ላይ
ማን የት እንደሚጀምር፣ ማን እንደሚያልቅ አይታይ።

የላዩን ሽፋሽፍት በአውራ ጣቴ አንሥቼ፣
አንድ ጠብታ፤ ሁለት፤ ትንፋሼን ገትቼ።
አልሸሸም።
«ምን አደረግሽበት?» «እርጎ አበላሁት።»
«መጥገቡ ያስታውቃል።» ሳቁን ሰማሁት።

ወጉንም ጀመረ። በዐሥራ ስድስት ዓመቱ፣
ዐይኑ ሲቃጠልበት በመጀመሪያ ሌሊቱ፣
ድንች በስሱ ቆርጣ ዐይኑ ላይ ያኖረች አክስቱ፣
«እንዳታይ» እያለች፤ እሱ ግን በነጋታው
እንደገና ማየቱን፣ ውበቱ እንደ ረታው፦
«አረንጓዴ ነው መሐሉ፤ ብናገር ማን ያምነኝ?
እናንተን ከልክዬ ለብቻዬ አየሁ። ቆጨኝ።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይቆጥራል፤ ባትሪው ሊያልቅ ነው፤
ላጠፋ እጄን ስሰድድ፣ እጄን ያዘና «ተዪው፤
ወዲህ ዙሪ» አለኝ።
ዞርሁ።
ዐይኑ ቀይ ነው፣ እርጥብ ነው፤ አይጨፈንም፤
አየኝ፤ አየሁት፤ ማንም «አትዩ» አላለንም።

ነገ ኤላዲዮ መጥቶ ባትሪውን ይወስዳል፤
ኩባያው ግን የኔ ነው። ከነእንጆሪው ይቀራል።