የቀትር ጠጋኝ

ታይዋን ተራ ነው ሱቄ፣ ከደረጃው ሥር፣
አንድ ክንድ ጠረጴዛ፣ መበየጃ፣ ወንበር።
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስልክ ስፈታ ስገጥም
ከ«ሃሎ» የበለጠ ነገር አልገጠመኝም፤
ኋላ ግን መጡብኝ ጸሐፊ ስልኮች፣
ፊታቸው ሩዝ የሚያካክል ቁልፍ የበቀለባቸው ጥቁሮች፣
ደብዳቤ ተሸካሚ፣ ማኅተም የማይሹ፣
ባለቤታቸውን ከእንቅልፍ የሚያሸሹ።

ድሬን ለማያውቅ ሰው ልንገር መጀመሪያ፣
ስድስት ሰዓት ሲሆን ይዘጋል ገበያ።
ውሻው ከግድግዳ ጥላ ጋር ይሳባል፣
ዘበኛው በዱላው ተደግፎ ያንቀላፋል፤
እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ሰው ሰውን አይጠራም፣
ገንዘብም ያልበዋል፣ በቀትር አይሠራም።

እንዲህ ነበር፣ በፊት።

ከዚራ፣ ከኒሙ ሥር፣ ቀን ቀን የማያቸው
በድሪ አብዶሽ ነበር፣ ጎረቤቱም ጣሰው፤
ሁለቱም ትራንዚተር፣ ቢሯቸው ፊት ለፊት፣
የጂቡቲን ኮንቴይነር ተሻምተው ሊያስገቡት
ጠዋት ይጣላሉ፣ ቀትር ይታረቃሉ፣
አንዱን የጫት ዙርባ ለሁለት ይከፍላሉ።

በድሪ ቀድሞ ገዛ፣ ከዱባይ አስመርጦ፣
ብላክቤሪ ታጠቀ፣ እንደ ሽጉጥ ሸጉጦ፤
ቀዩዋ መብራቱ ብልጭ ብላ ስትጠፋ
የጣሰው እንቅልፍ አብሮ ጠፋ።
ወር ሳይሞላ መጣ ኖኪያ አንጠልጥሎ፣
እንደ ዳዊት የሚገለጥ፣ «ይሄ ይበልጣል» ብሎ።
በድሪ ደግሞ ቀየረ። ጣሰው ደግሞ ጨመረ፣
ቁልፍ የሌለው መስታወት ደረቱ ላይ አሳደረ፤
እኔማ ምን ከፋኝ? ቻርጀር፣ ባትሪ፣ ሽፋን፤
የልጄን ትምህርት ቤት ከፈለ የሁለቱ ቅናት ብቻውን።

የጂቡቲው ወኪል ይህንን አወቀ፤
ቀትርን ጠብቆ ዋጋ ጠየቀ፤
አንዱ መቶ ሲቀንስ፣ አንዱ መቶ ሃምሳ፣
ጀርባ ለጀርባ ሆነው፣ ሳይቀምሱ ምሳ።
ኒሙ ግን ያው ነበር። ጥላው ለሁለት ይበቃል።
የጫቱ ዙርባ ብቻ አሁን ሁለት ሆኗል።

ጠጋኝ ዓይን አለው፦ የበድሪን ቁልፍ ሳየው
የ«ላክ»ዋ እንደ አዲስ ናት፣ ፊደሏን ጣት ያልነካው፤
የ«ሰርዝ»ዋ ግን ተፍቃ፣ ነጥታ፣ ጎድጉዳ፣
ጎርፍ እንዳለፈባት የደቻቱ ሜዳ።
ስንቱን ጽፎ ሰረዘ? ስንት ዜሮ ደረበ?
ወዳጁን ሊጥል ሲነሳ ስንቴ ተመልሶ አሰበ?
የጣሰው መስታወት ደግሞ አንድ ቦታ ወዝቷል፣
ወደ ታች፣ ወደ ታች፣ ጣቱ ሲስብ ውሏል፣
ጉድጓድ ውስጥ ባልዲ እንዳለው ሰው፤
ገመዱን ይስባል፣ ውሃው ግን አልደረሰው።

ግንቦት፣ አንድ ሐሙስ፣ ቆርቆሮ በሙቀት ሲንጣጣ
አንዱ ከግራ፣ አንዱ ከቀኝ መጣ፤
«አይልክም!» «አይቀበልም!» «ተበላሸ፣ ክፈተው!»
ፈታሁ። ምንም የለም። ኔትወርክ ነው የጠፋው፤
ከሳቢያን እስከ መጋላ አንድም ስልክ አይሠራም።
ልነግራቸው ነበር። የቀላ ዓይናቸውን አየሁ። አልተናገርኩም።

«ከባድ ነው» አልኳቸው፣ «እስከ አሥር ሰዓት ተዉልኝ።»
ሃምሳ ሃምሳ ብርም ተቀበልኩ፤ አላህ ይቅር ይበለኝ።
ባዶ እጅ ሲሄዱ፣ እጃቸው ማረፊያ አጣ፤
ኪስ ገባ፣ ጺም ዳበሰ፣ ተመልሶ ወጣ።

ዘጠኝ ተኩል ላይ ቀዩዋ ብልጭ አለች፤
መስታወቷም አጠገቧ ቦግ ብላ ተንቀጠቀጠች፤
ያው ወኪል ነው፣ ያው ቃል፣ በሁለቱም ገጽ ላይ፦
«ይህ ዋጋ ላንተ ብቻ ነው። ለሌላ እንዳታሳይ።»
በፊታቸው ደፋኋቸው፣ ጠረጴዛው ላይ።

አሥር ሰዓት ሲሆን መጡ፣ አንድ ላይ አይደለም፤
የምንጣፍ ሰንበር ጉንጩ ላይ የሌለበት ግን የለም።
በድሪ ስልኩን ሳያየው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና
«የእሱስ ተሠራ?» አለኝ።
ጣሰውም ቆይቶ መጣና
«የእሱስ ተሠራ?» አለኝ።

ሃምሳውን ልመልስ እጄን ኪሴ ከተትኩ፤
የልጄ ደብተር ትዝ አለኝ።
ዝም አልኩ።