የዘጠና ሼክል እሳት

ትኬቱን የገዛሁት ለልደቱ ነው፣
ልደቱን ባያውቀውም፤ መዝጋቢዋ ናት ገምታ የጻፈችው፣
ጥር አንድ ብላ፣ አውሮፕላኑ ባረፈ ማግሥት።
ዘጠና ሼክል ለአዋቂ፣ ለሕፃን በግማሽ፣
«አንድ ቀን በጥንቱ መንደር፤ የብረት ሥራ ከነእሳት።»

ከአፉላ ወጥተን ወደ ጺፖሪ ሽቅብ፣
ስንዴው ታጭዶ አልቆ ሜዳው ቢጫ ምንጣፍ፣
ልጄ ኖጋ ከመስኮቱ፣ እሱ ከመተላለፊያው፣
ዝም ብሎ ይቆጥራል የትራክተር ዱካ፣ የወይራ ዛፍ።

መንደሩ አዲስም አሮጌም ነው፤
ድንጋዩ የጥንት፣ ሲሚንቶው የዐምና።
አህያዋ ጆሮዋ ላይ ቁጥር አላት።
ሸማኔዋ ከበፍታ ቀሚሷ ሥር ስኒከር ተጫምታለች፣
ሸክላ ሠሪው ለሁለተኛ ዲግሪው ያጠናል፣
በምሳ ሰዓት፣ ከምድጃው ጥግ በጀርባው ተንጋሎ።

የእኛ መምህር ኒምሮድ ነው፤ ጢሙ ቀይ፣ ሽርጡ ቆዳ።
«በጥንት ጊዜ» ብሎ ነው የሚጀምረው ሁሉን፣
«በጥንት ጊዜ አንጥረኛ በመንደሩ ሲከበር…»
አባቴ ወደ እኔ ዞረ። «ምን አለ?»
ነገርኩት።
ሳል ይሁን ሳቅ ያልለየሁት ድምፅ ከጉሮሮው ወጣ።

ደምቢያ ላይ፣
ማረሻውን በዱቤ ወስዶ፣
በማረሻው አርሶ፣ ወቅቶ፣ ጎተራውን ሞልቶ፣
እጁን ሳይጨብጠው የሚሄድ ጎረቤት ነበረው።
ቆላድባ ገበያ ሲገባ
እናቶች የልጃቸውን ፊት በነጠላ ይሸፍናሉ፤
ጅብ በጮኸበት ሌሊት የሱ ስም ይነሳል።
በቀን ቀጥቃጭ፣ በማታ ጅብ፤
ለአንድ ሰው ሁለት ሥራ፣
ደመወዙ አንድ ቁና ማሽላ።

ይህንን የነገረችኝ አክስቴ ናት፣ እሱ ትንፍሽ ብሎ አያውቅም።
እኔ የማውቀው ሰማያዊ ቱታ፣
ሃያ ስድስት ዓመት የፕላስቲክ ባልዲ እጀታ
ሲገጥም ውሎ፣
ማታ ከደጃፍ የሚቀድመው የላስቲክ ሽታ።

ወናፉ ጥንድ የፍየል ቆዳ ነው፣ ከመጽሐፍ ታይቶ የተሰፋ።
ኒምሮድ አንዱን ሲጫን ሌላው ይተኛበታል፤
እሳቱ ይተነፍሳል፣ ያቆማል፣ ያስላል፣
እንደ አስም በሽተኛ።
ብረቱ ቀላ፤ ግን የቲማቲም ቅላት፣ ገና ጥሬ።
ሊመታው መዶሻ ሲያነሳ
«ቆይ!» አለ አባቴ፣ በአማርኛ፣
የት እንዳለ ረስቶ።

ሁሉም ቆመ። አህያዋም ጭምር መሰለኝ።
ኮቱን አውልቆ ለኖጋ ሰጣት፣
ቁጢጥ አለ፤ ጉልበትህን አትጠፍ የተባለው ሰውዬ።
ቀኙ ሲሞላ ግራው፣ ግራው ሲሞላ ቀኙ፣
ሳይቻኮል፣ መንታ እንደምታጠባ እናት።
ፍሙ መጀመሪያ ብርቱካን፣ ኋላ የበሰለ ሎሚ ሆነ፤
ያን ጊዜ ብቻ በጉጠት ሳበው።
ስድስት ጊዜ መታ፤ ሰባተኛውን ባዶውን መስፍ፣
ለብረቱ ሳይሆን ለጆሮው።
ጫፉን ቆለመመ፣ ውሃ ውስጥ ነከረ፣ ጢስ።
መንጠቆ ነበር።

«የት ነው ኮርስ የወሰደው?» አለኝ ኒምሮድ።
ተረጎምኩ። አባቴ አሰበ።
«ማታ ነው የተማርኩት በይው፣ ከጅቦች ጋር።»
ተረጎምኩ፤ ኒምሮድ በትሕትና ሳቀ።
ሰሙ ደረሰ፤ ወርቁ አየር ማረፊያ ቀረ።

ከዚያ እጁን ዘረጋለት።
አባቴ መዳፌ ጥላሸት ነው ብሎ አንጓውን አቀበለ፣
እንደ አገሩ ደንብ። ኒምሮድ ደንቡን አያውቅም፤
አልፎ መዳፉን ያዘ፣ ከነጥላሸቱ፣ ከነሙቀቱ፣
ቶሎም አልለቀቀ።
አባቴ ኋላ የገዛ እጁን ገልብጦ አየ፣
ለጥገና ተልኮ የተመለሰ ዕቃ ይመስል።

የምስክር ወረቀቱ ላይ «ባዜዜው»
ሁለት ፊደል ጎድሎት ተጽፏል፤
አጥፎ ከመድኃኒት ማዘዣው ጋር ኪሱ ከተተው።
መንጠቆውን ግን እስከ አፉላ በአውራ ጣቱ ሲዳብስ፣
ኖጋ ትከሻው ላይ እንቅልፍ ወሰዳት።

ቤት ገብተን ቁልፍ ልሰቅልበት ስል ቀማኝ።
መነጽሩን አደረገ፣ ወደ መብራቱ አስጠጋው፤
«አንገቱ ተጣሟል» አለ።
«የወናፉም ስፌት ያፈሳል፤ ወስፌና ጅማት ፈልጊልኝ።
ሐሙስ ክፍት ናቸው?»