ክርን

ሰኞ ከሰዓት ነው፤ ግዳንስክ ጉም ለብሳለች፣
አንዲት መርከብ ከወደብ ቆይታ ቆይታ ታጓራለች።
እኔ ከድሮው ገመድ መጋዘን፣ ከሁለተኛው ፎቅ፣
ሸክላ አቦካለሁ፣ ቀዝቃዛው ጭቃ በእጄ እስኪሞቅ።
ሥራዬ ይኸው ነው፦ ጠረጴዛ ጋዜጣ ማልበስ፣
እጅጌ መሰብሰብ፣ የፈሰሰ ማበስ።

ስድስት ልጆች አሉን። አስተማሪዋ ያድቪጋ
ባለ ብረት ተረከዝ ታደርጋለች፣ ክረምት ሆነ በጋ፤
ሲያቃጭል ይሰማሉ፣ ያውቃሉ ያለችበትን፤
በየፊታቸው ታኖራለች የየድርሻቸውን፦
የበግ ሱፍ፣ የደረቀ የሽንኩርት ልጣጭ፣ ሽቦ፣
ከባሕሩ ዳር የተዘገነ አሸዋ፣ በቆርቆሮ ተሰብስቦ።

ሉድሚላ ባሕር ሠራች። ሱፉን በውሃ ነክራ፣
ከሥር አሸዋ አንጥፋ፣ ከላይ ሽቦ አዙራ።
ከማዘጋጃ ቤት የመጣ ሰው፣ ከረባቱን አሳምሮ፣
«ሰማያዊው የታለ?» አለ፣ ከአናቷ ላይ አቀርቅሮ።
አመልካች ጣቱን ይዛ ከሱፉ ዘፈቀችው፣
«እዚህ ጋ፣ የሚቀዘቅዘው» ብላ አሳየችው።

ያን ማታ ስናጸዳ ለያድቪጋ የነገርኳት ይህን ነው፦
«በእኔ ቋንቋ ወጥ ቀምሰህ እየው ነው፤ ሽቶ አሽትተህ እየው፤
ዘፈን ሰምተህ፣ ጨርቅ ዳብሰህ፣ በር ገፍተህ እየው።
በየትም ይጀመር፣ ማለቂያው ማየት ነው።»
እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ራሷን ነቀነቀች።
«ደግ። አሁን ባልዲውን አቀብለኝ» አለች።

በሚቀጥለው ሰኞ «እናታችሁን ሥሩ» ተባለ፤
ጠረጴዛው ላይ ክብ ፊት፣ አፍንጫ፣ የክር ጸጉር በቀለ።
ካዬታን ብቻ ዝም። ሰባት ዓመቱ ነው። ምላሱን ነክሶ
አንድ ወፍራም ነገር ያጥፋል፣ ያፈርሳል፣ ያጥፋል መልሶ።
የቧንቧ ጉማጅ ይመስላል፣ ወይ የማሰሮ እጀታ።
የተረፈ ጭቃ መስሎኝ፣ ሳልጠይቅ፣ ሳላመነታ፣
ልጥለው ስል፣ የባልዲው ክዳን ሲጮህ ሰማና
ወንበሩን ገልብጦ ቆመ፣ ሁለት እጁን አቀና፦
«እናቴን! እናቴን ወዴት ነው የምትወስዳት?» አለኝ።
ምን እንደመለስኩ አላውቅም። መዳፌ ላይ ከበደችኝ።

ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ እናቱ ከዓሣ ማሸጊያው መጣች፤
ኮቷ ጨው ጨው ይላል። ከጭቃው ላይ ፊቷን ፈለገች። አጣች።
እሱ እንደ ልማዱ፣ ከግራዋ፣ ክርኗን ጨበጠ፤
ያንኑ እጥፋት ከሸክላው ላይ በጣቱ አረጋገጠ።

ያኔ ገባኝ። በትራሙ፣ በበረዶው፣ በደረጃው፣
በሐኪም ቤቱ ኮሪደር፣ በዓሣ ገበያው፣
እናት ለሱ ግማሽ እርምጃ የምትቀድም ክንድ ናት፤
መንገዱ ሲጠብ ወደ ኋላ የምትታጠፍለት፣
ቁልቁል ሲሆን ቀድማ ዝቅ የምትልለት።
እሷ ጓንቷን አውልቃ የገዛ ክርኗን ነካች፤
ሠላሳ ዓመት የኖረችበትን፣ እንደ ሰው ዕቃ ዳሰሰች።

አርባ አንድ ደረጃ አለው ቤቱ። ሲወርዱ አዳመጥኳቸው፤
አራት እግር ነበራቸው፣ አንድ ነበር ኮቴያቸው።
መብራቱን አጥፍቼ ጠረጴዛውን ለመዳበስ ሞከርኩ፤
ሽቦ ወጋኝና፣ እያፈርኩ፣ መብራቱን ዳግም ለኮስኩ።

ሸክላው እቶን ገብቶ ሲወጣ ከመሐሉ ተሰነጠቀ።
እኔና ያድቪጋ ተያየን። የሚናገር ጠፋ፤ ጫማዋ እንኳ ድምፁን ደበቀ።
ካዬታን ስንጥቁን በጥፍሩ ተከተለው፣ እስከ ዳር፦
«አዎ» አለ፣ «ኮቷም እዚህ ጋ ተተርትሮ ነበር።»