ሰባት ቁጥር

እሪ በከንቱ ላይ፣ ቤት የፈረሰበት፣
ሲሚንቶ ሰንጥቆ ሣር የበቀለበት፣
ጋሽ ጉተማ ኳሷን ዳገት ላይ አኑሮ
ሰባት ቁጥር ብረት እጄ ላይ ወርውሮ፣
«ከዳገት ስትነሣ ሰማይ ትወዳለች፣
ሽቅብ ስታንጋጥጥ ሩቁን ትረሳለች፤
ስድስት ቁጥር ነበር ለዚህ የሚበጀው»
ይላል፤ ያለን ብረት ግን ይኸው አንዱ ነው፣
እጀታው በብስክሌት ጎማ የተጠመጠመ።

አርባ ዓመት የሰው ዱላ ተሸክሟል።

«ትከሻህን ከመሬቱ ጋር አጋድም።
በኋላ እግርህ ላይ ተደገፍ።
ከዳገት ጋር አትከራከር።»

እኔ ግን የሰፈሩ ልጅ ነኝ፤
ጀሪካን፣ የቤት ክዳን፣ አንድ ሌሊትም የታመመ አባቴን
እዚህ ያወጣሁት ጎንበስ ብዬ ነው፣
ደረቴን ለዳገቱ ሰጥቼ።
መታሁ፤ አፈር ዘለለ።
መታሁ፤ አፈር።
በሦስተኛው ወደኋላ ጋደል አልኩ፣ ሊወድቅ እንደቀረበ ሰው፤
ተነሣች፤ ከመብራት ሽቦው በላይ፣ ሽቅብ፣ ሽቅብ፣
ከዚያ ወደ ግራ ታጥፋ
ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ጓ!

«ማነህ አንተ!» ረዳቱ በመስኮት ብቅ ብሎ።
ጋሽ ጉተማ አልሰማውም፤ ባዶ እጁን ጨብጦ ያወዛውዛል።
«በስድስት ቢሆን፣» አለ፣ «አራት ኪሎ ነበረች።»