ቤት መምታት

አምስተኛ ‹‹ለ›› ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ፣
ግጥም ቤት ይመታል ብዬ እምላለሁ፤
ስንኝና ስንኝ ግድግዳ ሲጋራ፣
የዳር ፊደላቸው ባንድ ስም ሲጠራ፣
ይኸው ቤቱ እላለሁ፣ ሰሌዳ ደግፌ፤
ደወሉ ሲደወል፣ ጠመኔ አራግፌ
ቤት ፍለጋ እወጣለሁ።

ደላላችን አጣናው ይባላል።
(እንዲህ ያለ ስም ይዞ ማን ቤት ያገኛል?)
ማራኪ ወሰደን፣ ዳገቱን በእግራችን፣
‹‹እዚህስ በሆነ!›› እያልን በልባችን፤
ወለሉ ሴራሚክ፣ መስኮቱ አልሙኒየም፣
አከራዩ ግን ቁልፉን ከኪሱ አላወጣም፤
‹‹ሰባት ሺህ ነው በወር፣ ስድስት ወር በቅድሚያ።››
ደመወዜ እዚያው ቆሞ አፈረ።
‹‹አጣነው፣ አጣናው፤›› አልኩት።
አልሳቀም። ብዙ ሰው ብሎታል መሰለኝ።

ሳሙና በር ሦስት አየን፣ ሽንታ ማዶ ሁለት፤
አንዱ ጋ ሽንት ቤቱ ለአሥራ አራት አባወራ፣
አንዱ ጋ አምፖሉ በባለቤቱ ፈቃድ የሚበራ፣
አንዱ ጋ እንግዳ ከመጣ በአዳር ሃምሳ ብር።
አንዲት ሴትዮ በሩን የክንድ ያህል ገርበብ አድርጋ፦
‹‹ስንት ናችሁ?››
‹‹ሦስት።››
‹‹ሦስተኛዋ?››
‹‹አራት ዓመቷ ነው፣ ልጅ ናት።››
‹‹ታለቅሳለች?››
‹‹እንደ ልጅ።››
‹‹ውይ! ክፍሏን እኮ ትናንት ለሌላ ሰው ሰጠናት።››

ከዚያ ወዲህ ትርንጎ ልጃችንን ማሠልጠን ጀመረች፤
‹‹በር ስናንኳኳ ዝም!›› አለቻት፤ እሷም ተማረች።
አሁን የቆርቆሮ በር ባየች ቁጥር
አፏን በሁለት እጇ ትሸፍናለች።
እዚህ ላይ ስንኜ ቤት አልመታ አለኝ፤
እንዳለ ትቼዋለሁ።

ባጃጁ በግንቡ ጥግ ሲታጠፍ
እጇን ከአፏ አነሳች፦
‹‹አባዬ፣ እዚያ ውስጥ ሰው አለ?››
‹‹የለም።››
‹‹ስንት ነው?››
ሾፌሩ ሳቀ። እናቷ ፊቷን ወደ መንገዱ መለሰች።
‹‹ጣራው ያፈሳል፤›› አልኳት፣ ሌላ ምን ልበል።

አዘዞ ይረክሳል አሉን፤ ሁለት መኪና ያስቀይራል፣
ከአስፋልቱ ስትወርድ ኮሮኮንቹ ጉልበት ይበላል።
አያ ቸኮል አናጢ ነበሩ፣ አሁን ጡረተኛ፣
ከጓሮ አንድ ክፍል አላቸው፣ ልስን የሚጠብቅ እንደኛ፤
ማገሩ ይቆጠራል፣ ጭዱ ከጭቃው ያሾልካል፣
ጣራው ግን ጤነኛ ነው፣ ክረምቱን ይችላል።
ሦስት ሺህ። ውሃው ማክሰኞ ሌሊት፣ በፈረቃ፤
‹‹ጄሪካን የደረደረ ይጠጣል፤ ብቻ ሰው ይንቃ!››

ከዚያ ወደ ልጄ ጎንበስ አሉ፦
‹‹ይቺስ? ጥርሷን ነው የሚያማት?››
እጆቿ አፏ ላይ ነበሩ።
እውነቱን ነገርኳቸው፣ እያፈርኩ፤
መጮህ እንደምትወድ፣ ሌሊት እንደምትባንን፣
ዝምታውን እኛ እንዳስተማርናት።
መዳፋቸውን ከጆሯቸው ጀርባ አደረጉ፦
‹‹ምን?››
ደግሜ ነገርኳቸው፣ አሁን በጩኸት።
‹‹እኔ በዚህ በኩል አልሰማም፣ በዚያኛውም እምብዛም፤
ትጩህ! ሠላሳ ዓመት መዶሻ የሰማ ጆሮ ከልጅ አይጣላም።››

ቀብዱን ሰጠሁ። አጣናው የራሱን ቆጥሮ ሄደ።
‹‹እስከ መስከረም በዚሁ ዋጋ፤ ከዚያ ወዲያ እንጃ፤››
አሉ አያ ቸኮል። ነገሩ ትንሽ ነከሰኝ።
ዝም አልኩ። እኔም ሠልጥኛለሁ።

ማክሰኞ ሌሊት ነው አሁን። ቧንቧው ያስላል፣
ጄሪካኑ በሰልፍ ቆሟል፤
ትርንጎ በስልኳ ታበራለች፣
ልጄ ሹራቤን ለብሳ ደፉ ላይ ቆማለች፤
መጀመሪያ ጠብ አለ፣ ከዚያ ተንዶቆዶቀ፣
እጇ ከአፏ ወደቀ፤
ማንም በር ከፍቶ አልወጣ ሊቆጣ፣
እሷም ደጋግማ፦ ‹‹መጣ! አባዬ፣ መጣ!››